ሽብሩና ሚጥሚጣ

በመንዝ ደጋ ጫፍ፣ ጓሳ በሚባለው ሜዳ ላይ አንድ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ይኖር ነበር። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምርና እየወጣ ይሄዳል፤ በምሥራቅ በኩል ግን መሬቱ ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል። ጭላዳ ቀን ሜዳው ላይ ሳር ሲነጭ ይውላል፣ ማታ ገደሉ ላይ ያድራል። ነብርም ጅብም የማይደርስባት አንዲት ጠባብ እርከን አልጋው ናት። እንግዲህ ሁለት ልጅ ይዞ በየምሽቱ ገደል መውረድ፣ በየጠዋቱ ገደል መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቁት ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ እናቶች ናቸው። ሌላው ቢነገረውም አይገባው።

በዚህ መንጋ ውስጥ እመት ለምለም የምትባል እናት ነበረች። ሁለት ልጆች አሏት። ትልቁ ወንድ ነው፤ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ሲወለድ ገደሉን በጩኸት ስላመሰው ሽብሩ ተባለ። ታናሿ ዓመት ያልሞላት ሴት ናት። ትንሽነቷን ያየ ይንቃታል፣ የቀመሳት ይጮኻል፤ ስለዚህ ስሟ ሚጥሚጣ ሆነ።

ጭላዳ አንድ ትወልዳለች፣ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይታ ሌላ ትወልዳለች። ያን ሁሉ ጊዜ የእናቱ ጀርባ የሽብሩ ርስት ነበር። ሚጥሚጣ ስትወለድ መጀመሪያ ከእናቷ ሆድ ሥር ተለጥፋ ቆየች፤ ሽብሩም «እንግዳ ናት፣ ትሄዳለች» ብሎ ታገሠ። ጠንከር ብላ ወደ ጀርባ በወጣች ቀን ግን ርስቱ መነቀሉ ገባውና ጦርነት ታወጀ።

ጦርነቱ የሚጀምረው ጎሕ ሲቀድ ነው።

«ጀርባው የኔ ነው!» ይላል ሽብሩ።

«የኔ!» ትላለች ሚጥሚጣ። ከምታውቃቸው ጥቂት ቃላት አንዱ ይህ ነው፤ ሌላም አላስፈለጋትም።

«አንተ እኮ ትልቅ ነህ፤ በእግርህ ውጣ» ትለዋለች እናቱ።

«ትልቅ ነህ የምትዪኝ ሥራ ሲኖር ብቻ ነው። ከወንደላጤዎቹ ጋር ልዋል ስልሽ ትንሽ ነህ ትዪኛለሽ።»

እመት ለምለም መልስ የላትም፤ ልጁ እውነቱን ነዋ። በመጨረሻ ሁለቱንም ትጭናለች። ሁለት ልጅ ተሸክሞ ገደል መውጣት በመንጋው ሕግ አልተከለከለም፤ የከለከለው ገደሉ ራሱ ነው። መሃል ላይ ሲደርሱ ሚጥሚጣ የወንድሟን ጆሮ ትነክሳለች፣ እሱ ጅራቷን ይጎትታል፣ እናትየዋ በአንድ እጇ ቋጥኙን፣ በሌላው የማን እንደሆነ የማታውቀውን እግር ጨብጣ ታምጣለች። ከታች የሚወጡት ጎረቤቶች «ኧረ መንገድ ልቀቂ» ይላሉ።

ላይ ሲወጣ መንጋው ፀሐይ ይሞቃል፤ እርስ በርሱም ይቃመላል። የጭላዳ ወዳጅነት የሚጸናው በዚያ ሰዓት ነው፣ ወሬውም የሚወራው በዚያ ሰዓት ነው። እመት ለምለም ለመቃመል ጊዜ ስለሌላት ስለ እሷ የሚወራውን የምትሰማ የመጨረሻዋ እሷ ሆነች።

ከዚያ የመንጨቱ ሥራ ይቀጥላል። ጭላዳ ቁጭ ብሎ፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ፣ በሁለት እጁ ሳር እየነጨ ይውላል። ሳር ኃይሉ ትንሽ ነው፤ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ያልነጨ ተርቦ ያድራል። በበጋ ሳሩ ሲደርቅ ደግሞ ሥር መቆፈር አለ። እንግዲያው እመት ለምለም አንድ ጠብ ባበረደች ቁጥር ብዙ ጉርሻ ያመልጣታል ማለት ነው። የሌላ እናት ሆድ በሳር ሲሞላ የእሷ ሆድ በ«ተው!» እና በ«ተዪ!» ይሞላል።

ጠቡም እንዲህ ያለ ነው። ሽብሩ የቆፈረውን ሥር ሚጥሚጣ ትነጥቃለች። ሚጥሚጣ የተቀመጠችበትን ድንጋይ ሽብሩ ይፈልጋል፤ ሜዳው ሙሉ ድንጋይ ነው፣ እሱ ግን ያንኑ ይላል። ተነሥታ ስትለቅለት ድንጋዩን ትቶ ይከተላታል። ጅብራ ላይ ወጥተው ይገፋፋሉ፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይስቃል፣ የወደቀው ሲያለቅስ የሳቀውም አብሮ ያለቅሳል። እናቲቱ ስትደርስ ሁለቱም በአንድ አፍ «እሱ ነው!» «እሷ ናት!» ይላሉ። ከሁለቱ አንዱን ሌላ ልጅ የነካ እንደሆነ ግን ወዮለት፤ ሽብሩ ከፊት፣ ሚጥሚጣ ከኋላ ሆነው ይገቡበታል። ከሰዓት በኋላ የአንዱ ራስ በሌላው ሆድ ላይ ሆኖ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እመት ለምለም ያኔ ታያቸውና «እነዚህ የማን የተባረኩ ልጆች ናቸው?» ትላለች።

አባታቸው አያ ጎፈር የቤተሰቡ አለቃ ነበር። እንዳይፈረድበት ሥራው ልክ ይነገር፦ ጎፈሩን ለነፋስ ይሰጣል፣ በደረቱ ላይ ያለችውን ቀይ ምልክት ያሳያል፣ ወንደላጤዎቹ ሲጠጉ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ያሳያል። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ያልነቃ አለቃ ቤቱን በአንድ ቀን ይነጠቃል። ዳሩ ግን ወንደላጤ በሌለበት ሰዓትም አያ ጎፈር ሥራ ላይ ነኝ ይል ነበር።

ጎረቤቶችስ? እትዬ ወርቄ አብረዋት ለሚቃመሉት «በኛ ጊዜ ልጅ እንዲህ አልነበረም» ትላለች። (በኛ ጊዜ የሚል ሰው ሁሉ የእናቱን በሕይወት አለመኖር የተማመነ ነው።) ወንደላጤዎቹ፣ አንድ ልጅ አሳድገው የማያውቁት፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ ብዙ ያውቃሉ፤ «ቆንጠጥ ነው» ይላሉ። እትዬ ጣይቱ የምትባል ሌላ ጎረቤት ደግሞ አልፋ አልፋ ትመጣና ሽብሩን በጥፊ አጩላ «ልጅ የጋራ ነው፣ የኔም ልጅ ነው» ብላ ትሄዳለች። የማንንም ልጅ አዝላ አታውቅም።

እዚህ ላይ ተረቴን ላቁም። እኛ ሰዎችም ልጅ የጋራ ነው እንላለን። በድሮው ሰፈር ጎረቤት የሰው ልጅ ይቆጣ ነበር፣ ይገርፍም ነበር፤ ያው ጎረቤት ግን እናቱ ገበያ ስትውል ምሳ ያበላዋል፣ ሲመሽ ከልጆቹ ጋር ያስተኛዋል፣ ሲታመም ውሃ ያጠጣዋል። አሁን ከሁለቱ የቀረው ቁጣው ነው። ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይመታል፤ ታክሲ ውስጥ ሕፃን ሲያለቅስ ዞሮ የሚያይ ሞልቷል፣ የእናቲቱን ቦርሳ የሚይዝላት ግን ጥቂት ነው። ወደ ጓሳ ልመለስ።

ጓሳ ላይ ሌላ ባለጉዳይ አለ፤ ቀይ ቀበሮ ነው። እሱም እንደ ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም አይገኝም፤ አገር ያስተሳሰራቸው ናቸው። በሁለቱ መካከል ያልተጻፈ ውል አለ። ቀበሮው በመንጋው መካከል ዝግ ብሎ ያልፋል፣ አይጡን ያድናል፣ የጭላዳ ግልገል ቀና ብሎ አያይም። መንጋውም አይሸሸውም። አንድ ጊዜ አንድ ቀበሮ ውሉን አፍርሶ ግልገል ቢያነሳ፣ ጭላዳዎቹ ተረባርበው አስጣሉት፣ አባረሩት፣ ተመልሶም መካከላቸው እንዳይገባ ከለከሉት። ከዚያ ወዲህ ውሉ ጸንቶ ኖሯል።

ሚጥሚጣ ግን ስለ ውል የምታውቀው ነገር አልነበራትም። አንድ ቀን አያ ቀዮ የተባለው ቀበሮ ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን አቁሞ፣ ትንፋሹን ውጦ አይጥ ሲጠብቅ፣ ጫፉ ጥቁር የሆነ አንድ ደስ የሚል ጅራት አየች። ሽብሩ «እሱን አትነኪም» አላት። ልጅ አትነኪም ከተባለ በኋላ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ሚጥሚጣ ተንፏቅቃ ሄደችና በሁለት እጇ ጎተተችው። አያ ቀዮ ዘለለ፣ አይጧ ገባች፣ ሽብሩ እህቱን ሊያድን መጥቶ ሌላውን የጅራት ክፍል ያዘ።

ቀበሮው አልነከሰም። የባሰ ነገር አደረገ፤ አቤቱታ አቀረበ።

«አያ ጎፈር» አለ፣ «አንቱ የተከበሩ ነዎት፤ እኔም ውሌን ያከበርኩ ነኝ። ጓሳ ላይ የከረሙ ተመራማሪዎች ቆጥረው እ.ኤ.አ. በ2015 ጽፈውታል፤ በመንጋችሁ መካከል ሳድን ከመቶው ሙከራ 67ቱ ይሰምርልኛል፣ ብቻዬን ስሆን 25ቱ ነው። የእመት ለምለም ልጆች ከበዙብኝ ወዲህ ግን ብቻዬን ባድን ይሻለኛል። ወይ ልጆቹ ይታሠሩልኝ፣ ወይ ለጠፋብኝ አይጥ ካሣ ይቆረጥልኝ።»

መንጋው ተሰበሰበ። ቀበሮ ቀርቶ ነብር የከሰሰ ያህል ነበር ሁካታው። ለወራት የታመቀው ሁሉ ወጣ። እትዬ ወርቄ እንቅልፍ አጣሁ አለች። ወንደላጤዎቹ ቆንጠጥ ነው አሉ። እትዬ ጣይቱ ተነሥታ «እኔ የምናገረው እንደ እናት ነው፤ ልጅ የጋራ ነው፤ የጋራ ልጅ ደግሞ የጋራ ቅጣት ያስፈልገዋል» ብላ ተቀመጠች፣ ተጨበጨበላት። አያ ጎፈር «ለምለም፣ ልጆችሽን ያዢ» አለ። ልጆችሽ ነው ያለው። ልጆቹ ሲመሰገኑ ምን እንደሚላቸው መንጋው ያውቃል።

እመት ለምለም ዝም ብላ ትሰማለች። ሚጥሚጣ ጡቷ ላይ ናት፤ ሽብሩ ከጀርባዋ ተደብቆ በተሰብሳቢው ላይ ከንፈሩን እየገለበጠ አባቱን ይመስላል።

ከመንጋው አሮጊት የሆኑት እማማ አስካለ ከዳር ተቀምጠው ሳራቸውን ይነጫሉ። ጥርሳቸው አልቋል፤ ለአንድ ጉርሻ ረጅም ጊዜ ያላምጣሉ። አላምጠው ሲጨርሱ ጠየቁ።

«ሽብሩ የማን ልጅ ነው?»

«የመንጋው!» አለ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

«መልካም። ነገ ጠዋት ገደሉን ሲወጣ የማን ጀርባ ላይ ነው?»

ነፋስ ብቻ ተሰማ።

«እንግዲያው ለቁጣ የመንጋው፣ ለሸክም የለምለም ነው በሉኛ። አንቺ ወርቄ፣ በኛ ጊዜ የምትዪው በየትኛው ጊዜ ነው? በጊዜሽ ከእርከን ተንጠልጥለሽ እናትሽን ሌሊቱን ሙሉ ያስጮኽሽ አንቺ አይደለሽም? ያወረደሽ ማን ነበር? እኔ ነኝ። እናትሽማ እጇ አልደረሰም።»

እትዬ ወርቄ አንዲት ቅማል ፍለጋ አቀረቀረች።

እማማ አስካለ ቀጠሉ። «ይህን የምትነጩትን ሳር ታውቁታላችሁ? የመንዝ ሰዎች ቤት የሚከድኑበት፣ ገመድ የሚገምዱበት ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት የጋራችን ነው ብለው ኖረዋል። ግን የጋራ ነው ብለው ዝም አላሉም። ዳኛ ሾሙለት፤ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጉት ነበር፤ ሲከፈት ቀን ተቆርጦ ነበር፤ የሚጠብቀውም በተራ ነበር። ተራውን ያጎደለ ይቀጣ ነበር። የአያቴ እናት እንዳወራችው፣ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀና የድሮው ዳኝነት ቀረ። ሳሩ ያን ጊዜም የጋራ ተብሏል፤ እንዲያውም ከድሮው ይልቅ የጋራ ተብሏል። የጠፋው ተራው ነው። ሁሉም ማጭዱን ይዞ መጣ፣ ጠባቂው የት አለ ቢሉ ሁሉም ወደ ሌላው አየ። ሰዎቹ ጉዳታቸውን አይተው እንደገና ተሰብስበው ደንብ አውጥተው ባይጠብቁት እኔና እናንተ ዛሬ አፈር እንቆፍር ነበር። ልጅንም የጋራ ካላችሁ ተራ አውጡ። ተራ ካላወጣችሁ ደግሞ የለምለም ናቸውና አፋችሁን ከእሷ ልጆች ላይ አንሱ።»

«ወንድ ልጅ ያዝላል እንዴ?» አለ አያ ጎፈር።

«ጎፈርህን ተሸክመህ ትዞር የለ?» አሉት።

ክርክሩ እስኪጨልም ቆየ። ሁሉንም ላውራችሁ ብል ትሰለቻላችሁ፤ ስብሰባ በጭላዳም ዘንድ ስብሰባ ነው። አንዱ ኮሚቴ ይቋቋም አለ። ሌላው ተራው በዕድሜ ነው ወይስ በቤት ርቀት ብሎ ጠየቀ። በመጨረሻ የወጣው ውሳኔ ይህ ነው፦ በሳምንቱ ቀናት አንድ አንድ ቤት ሽብሩን ጠዋት ያወጣል፣ ማታ ያወርዳል፤ እሑድ የእናቱ ይሁን። ተራ ያልያዘ አይቆጣም፤ የሚቆጣ ይሸከም።

አያ ቀዮ ከዳር ሆኖ ሲያዳምጥ ቆይቶ ነበር። እማማ አስካለ ዞር ብለው «አንተም ከባለ አቤቱታዎቹ ነህ። የትኛው ቀን ይመችሃል?» አሉት። እመት ለምለም ያን ጊዜ ነው ከተሰበሰቡ ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏን የተናገረች፤ «እማማ፣ አንቱን አከብራለሁ፤ ለእሱ ግን አልሰጥም» አለች። ቀበሮውም ቀልጠፍ ብሎ «አቤቱታዬን አንስቻለሁ» አለና ወደ አይጦቹ ሄደ።

ሰኞ የእትዬ ወርቄ ነበር። ሽብሩ ጀርባዋ ላይ ወጥቶ እስከ ሜዳው ድረስ ጠየቃት። ገደል ለምን ቁልቁል ሆነ? ጉሙ ማታ የት ይተኛል? ያንቺ ጀርባ ለምን ከእናቴ ጀርባ ይሰፋል? የመጨረሻውን ሳትመልስ ተቆጣች፤ ተራ ይዛለችና መብቷ ነው። ላይ ስትደርስ ግን ለመቃመል እንኳ አቅም አልነበራትም። ስለ እመት ለምለምም የምታወራው ጠፋት።

ማክሰኞ ወንደላጤዎቹ ተራ ይዘው አራት ሆነው መጡ። ቆንጠጥ የሚለውን ትምህርታቸውን በግማሽ መንገድ ላይ ሞከሩት። ሽብሩ ቆንጣጩን ቆነጠጠው። ከዚያ ወዲህ ዘዴ ለወጡና ቋጥኝ አያያዝ ያስተምሩት ገቡ፤ ትንሽ ነህ ተብሎ የተከለከለውን ውሎ አገኘ። ሦስተኛው ማክሰኞ ላይ ግማሹን ገደል በራሱ እግር ወጣ። እናቱ ግን ይህን ለእሱ እንዳትነግሩብኝ ብላለች፤ የተነገረው ዕለት እንደገና ጀርባ ይጠይቃል።

ረቡዕ የአያ ጎፈር ነው። ልጁ ጎፈሩን እንደ ልጓም ይዞ «ሂድ!» ሲለው ወንደላጤዎቹ ከላይ ሆነው ሳቁበት። አያ ጎፈር በዚያ ቀን ከንፈሩን ስንት ጊዜ እንደገለበጠ አይነገርም። በሚቀጥለው ረቡዕ አይመጣም ያሉት ነበሩ፤ ማንም ሳይነቃ መጣ፤ ሚጥሚጣንም ጨምሬ ልያዝ አለ። እመት ለምለም ያን ጠዋት ባዶ ጀርባዋን ይዛ ወጣች። ፀሐይ ስትሞቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእትዬ ወርቄ ጋር ተቃመለች፤ ሆዷም ከሰዓት በኋላ ሞላ።

ልጆቹስ ረጉ ወይ ብላችሁ ጠይቁኝ። አልረጉም። ድንጋይ ይነጣጠቃሉ፣ ጅብራ ላይ ይገፋፋሉ፣ «እሱ ነው፣ እሷ ናት» ይላሉ። ሚጥሚጣ አሁን ሦስት ቃል ጨምራለች፤ ሦስቱም ስድብ ናቸው፤ ከማን እንደተማረቻቸው የማክሰኞዎቹን ጠይቁ። ዓርብና ቅዳሜም ያዥ አገኙ፤ አንዷ በደስታ፣ አንዷ በይሉኝታ፤ ለሽብሩ ሁለቱም ያው ጀርባ ናቸው። ጩኸቱ ሳይቀንስ የቀነሰው ክሱ ነው። ደግሞ ልንገራችሁ፣ እኔ በልጆቹ መርጋት አላምንም፤ ከመንጋው ውስጥ በጣም ዝም ያሉት ቤቶች ልጅ የሌላቸው ናቸው።

ሐሙስ የእትዬ ጣይቱ ነበር። ልጅ የጋራ ነው ያለችው እሷ ስለሆነች ማንም አልተጠራጠረም። በመጀመሪያው ሐሙስ ወገቤን አለች። በሁለተኛው ሐሙስ ዘመድ ጠየቃ ሄጃለሁ አስባለች። በሦስተኛው ጸጥ ያለ ገደል ፍለጋ ቤተሰቧን ይዛ ወደ ሌላ መንጋ ተሻገረች፤ እዚያም ልጅ የጋራ ነው እያለች በጥፊ ታጮላለች አሉ።

የሐሙስ ተራ እስካሁን ያዥ አላገኘም። ሐሙስ ሐሙስ እመት ለምለም ሁለቱንም ተሸክማ ትወጣለች። ከመካከላችሁ ልጅ የጋራ ነው የሚል ካለ፣ ገደሉ በር የለውም፤ ጎሕ ሳይቀድ ይምጣ።